ምስክር ቁጠሪ፦ ስለ ተማሪ፣ ስለ መደርደሪያና ስለ በይነ መረብ

ባለሙያው፦ ልጄ፣ የተማሪሽን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አማርኛው ያምራል፤ ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቀር ቦታ ቦታውን ይዟል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። «ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው በ1935 ዓ.ም. አንድ የጣሊያን ኩባንያ ከሠራው የራዲዮ ጣቢያ ነው» ይላል። በ1935 ዓ.ም. ጣሊያን የት ነበር?

መምህርቷ፦ አይቼዋለሁ፣ ጋሼ። የፈረንጆቹን ቁጥር እንዳለ ገልብጣ «ዓ.ም.» ጨመረችበት። እ.ኤ.አ. 1935 በእኛ 1927 ነው።

ባለሙያው፦ ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተባሮ ወጥቷል። ይህን ወረቀት ያመነ ሰው፣ ጠላት ድል በሆነ በሁለት ዓመቱ ተመልሶ መጥቶ ጣቢያ ተከለ ብሎ ሊያምን ነው። ስምንት ዓመት ትንሽ ስሕተት አይደለም። መሃሉ ላይ ወረራ አለ፣ አርበኝነት አለ፣ ነፃነት አለ። ልጅቱ ይህን ሁሉ በአንድ ጣት ስክሪን ላይ አልፋው ሄደች። አንቺ ደግሞ የዚህን ቤተ መጻሕፍት የቅዳሜ ጠዋት ለበይነ መረብ ፍለጋ ልቀቅልኝ ትይኛለሽ።

መምህርቷ፦ እላለሁ። ስሕተቷን ካየሁ በኋላ ደግሞ የባሰ እላለሁ። ልጅቱ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ቤቷ ጀሞ ነው። የሰፈራችሁን ወይም የክፍለ ከተማችሁን ስም ታሪክ አጥኑ አልኳቸው። የት ትሂድ? ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አብርሆት በ2014 ዓ.ም. ተመርቆ በአንድ ጊዜ ከ2,000 ሰው በላይ ያስተናግዳል። ሁለቱም ግን መሃል ከተማ ናቸው። ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ፤ ደርሶ መልስ አራት ታክሲ። ከትምህርት ወጥታ ብትነሣ፣ ደርሳ ለማንበብ የሚተርፋት ጊዜ ስንት ነው? ስልኳ ግን እጇ ላይ ነው።

ባለሙያው፦ እጇ ላይ ያለው ስልክ ምን ሰጣት? እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትፈልግ አይቻታለሁ። «ንፋስ ስልክ» ብላ ጻፈች። የሚከራይ ቤት መጣ፣ የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም መጣ፣ የክፍለ ከተማው የስብሰባ ዜና መጣ። ሰፈሩ ለምን እንዲህ ተባለ የሚል አንድ መስመር አልወጣላትም። ሲሰለቻት ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ጠየቀችው። እሱ ወዲያው መለሰላት። ሦስተኛው አንቀጽ የእሱ ነው።

መምህርቷ፦ ያልወጣላት በአንድ አጻጻፍ ብቻ ስለፈለገች ነው። ሰፈሩ በ«ን»ም በ«ነ»ም ይጻፋል። ለእኛ ጆሮ አንድ ስም ነው፤ ለማሽኑ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። በማግሥቱ አብሬያት ተቀመጥኩ። የሰፈሩን ስም ትተን ነገሩን ፈለግን፤ «ሽቦ አልባ»፣ «አቃቂ»፣ «ራዲዮ ጣቢያ»፣ ከዚያም የኩባንያውን ስም «አንሳልዶ» እያልን በሁለት ቋንቋ። ያኔ የሚነበብ ነገር መምጣት ጀመረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ውስጥ የራዲዮን አጀማመር የሚያወሱ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ደግሞ የቆዩ እትሞቹ ጄስቶር ላይ ተቀምጠዋል፤ በነፃ አካውንት ከፍቶ ብዙውን በስክሪን ማንበብ ይቻላል። ያ መጽሔት ቀድሞ የነበረው የንባብ ክፍል መግባት ለተፈቀደለት ሰው ነው። ዛሬ የጀሞ ልጅ አልጋዋ ላይ ሆና ታየዋለች።

ባለሙያው፦ እንግዲህ ራስሽ መሰከርሽ፤ መሣሪያው ለእኛ ፊደል አልተበጀም። «ን» እና «ነ» ቀላሉ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አለ፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ አለ። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብቻ ሰው ስንት ዓይነት አድርጎ እንደሚጽፈው አስቢ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ሰው በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ሲጽፍ ኖሯል። በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ ጥናት ፒዲኤፍ ሆኖ ቢቀመጥም፣ በዓይን ይነበባል እንጂ ፍለጋ አያገኘውም፤ ኮፒ ብታደርጊው የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናል። አንድ ትውልድ ሙሉ የጻፈው ጥናት በዓይን እየታየ ከፍለጋ ውጭ ቀርቷል። ልጅቱ ግን «ፈለግኩ፣ የለም» ብላ ትነሣለች። አለመኖርና አለመገኘት ለየቅል መሆናቸውን ማን ይነግራታል?

መምህርቷ፦ እርስዎ ነዎት የሚነግሯት፤ ቅዳሜን የምለምንዎትም ለዚህ ነው። ደግሞ ይህ ችግር ከኮምፒውተር ጋር አልመጣም። የካርድ መሳቢያው በነበረበት ዘመን «ፀሐይ»ን የሚፈልግ ሰው የትኛውን መሳቢያ ነበር የሚስበው፣ የ«ጸ»ን ወይስ የ«ፀ»ን?

ባለሙያው፦ ሁለቱንም። በአንደኛው ውስጥ «ተመልከት» የሚል ካርድ እናስቀምጥ ነበር። «ፀሐይ፤ ‹ጸሐይ›ን ተመልከት» ይላል። በእጄ ስንቱን እንደጻፍኩ አልቆጠርኩትም። አንባቢው በየትኛውም በር ቢገባ የሚፈልገው ቤት እንዲደርስ ነው።

መምህርቷ፦ በይነ መረቡ ላይ የጎደለን ያ «ተመልከት» ነው። እሱን የሚያውቅ ሰው ከፍለጋው ከራቀ ካርዱን ማን ይጻፍ? የደራሲ ስምም እንዲሁ ነው። የፈረንጅ የመረጃ ቋት ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ ይመዘግባቸዋል፤ ታሪኩን አባትየው የጻፉት ይመስላል። ዞቴሮን የመሰለ በነፃ የሚገኝ የዋቢ መያዣም ሳይነግሩት እንዲያ ያደርጋል። ልጅቱ ግን ሁለቱንም ስም በሁለቱም ወገን መፈለግ እንዳለባት፣ ስትጽፍ ደግሞ በአገሯ ወግ «ባሕሩ ዘውዴ» ብላ መጥቀስ እንዳለባት ተማረች። ይህን ለመማር አንድ ከሰዓት በቂ ነበር።

ባለሙያው፦ ጥሩ አስተማሪ አጠገቧ ስለነበረ ነው። አንቺ በሌለሽበት የሆነውን ግን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እያየነው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከፊደሉም ይበልጣል። በድሮው ችሎት ተሟጋች «ተጠየቅ» ተብሎ ሲቆም፣ ያለውን ካለ በኋላ ምስክር ቁጠር ይባላል። ምስክሩ ሲቀርብ ደግሞ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል ተብሎ ይለያል። የሰሚ ሰሚ ከሆነ ቃሉ አይያዝለትም። ጥናት ማለት ለእኔ ይኸው ነው። ያ ማሽን ግን አላየም፣ አልሰማምም። የሰዎችን ጽሑፍ ፈጭቶ፣ ከአንድ ቃል በኋላ የትኛው ቃል ሊከተል እንደሚችል እየገመተ ይናገራል። ምስክር ቁጠር ስትይው፣ ከሌለው ይፈጥርልሻል። በ2015 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ማሽኑ የፈጠረላቸውን የማይኖር የፍርድ ቤት ውሳኔ ጠቅሰው ዳኛ ፊት ቀርበው ተቀጥተዋል። የተማሩ ጠበቆች ናቸው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ምን ትሆናለች?

መምህርቷ፦ ስለ ማሽኑ ያሉትን አልከራከርዎትም። ምንጩን ሳታዪ ከእሱ አንድ ቁጥር እንዳትጠቅሺ ብያታለሁ። ግን የሰሚ ሰሚ በወረቀት ላይ የለም ወይ? እዚህ መደርደሪያ ላይ ካሉት ማጣቀሻ መጻሕፍት ስንቱ እርስ በርሱ የተገለባበጠ ነው? ዋቢ የማይጠቅስ፣ «እንደሚነገረው» ብሎ ጀምሮ «እንደሚነገረው» ብሎ የሚጨርስ ስንት የታሪክ መጽሐፍ አውቃለሁ። የእኔ ዘመን ተማሪ ያለፈውን ባች ሲኒየር ኤሴይ ከመደርደሪያ አውርዶ፣ የወረዳውን ስም ቀይሮ አስረክቧል። የታተመ ነገር ስለታተመ ብቻ ምስክር ከሆነ፣ የምንፈራውን ማመን ያስተማርነው እኛው ነን።

ባለሙያው፦ እውነትሽን ነው፤ አልሸፍነውም። ልዩነቱ ግን አለ። የታተመው መጽሐፍ የሚጠየቅ ሰው አለው። ሽፋኑ ላይ ስም አለ፣ ማተሚያ ቤት አለ፣ ዓመት አለ። ስሕተት ቢያገኝበት ሌላ ጸሐፊ «እገሌ በዚህ ገጽ እንዲህ ብሏል፤ ልክ አይደለም» ብሎ ይሞግተዋል። በቴሌግራም ቻናል የሚዞሩትን መጻሕፍት አይተሻቸዋል? ሽፋን የለ፣ የኅትመት ዓመት የለ፣ ደራሲው ሳይጠየቅ በስልክ ካሜራ እየተነሣ የተለቀቀ ነው። ተማሪው ገጽ ይጠቅሳል፤ የትኛው እትም እንደሆነ ግን አያውቅም። ማሽኑ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ አንድ ለስላሳ መልስ ብቻ ነው የሚሰጠው። የእኛ የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ንባብ ተርጉመው ሲያበቁ «አንድም» ብለው ሌላውን ይጨምራሉ፤ ሦስትም አራትም ይሆናል። ተማሪው ሁሉንም ተሸክሞ ይሄዳል። የጣቢያውን ዓመት ብትፈልጊ፣ አንዱ ግንባታው የተጀመረበትን ይጽፋል፤ ሌላው የተመረቀበትን ይጽፋል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ማሽኑ አንዱን አንሥቶ ሌላውን ዋጠው።

መምህርቷ፦ ሁለቱን ዓመት ጎን ለጎን ያየችው ግን የት መሰለዎት? ስክሪን ላይ ነው። እዚህ ቤት ስለ ጣቢያው የሚያወሳው መጽሐፍ አንድ ነው፤ አንድ ዓመት ብቻ ይሰጣል። አምናው ብትወጣ «አንድም» የምትለው ነገር አልነበራትም። እኛ ቤት መደርደሪያው ጠባብ ነው፣ ጋሼ። ብዙ ምስክር መስማት የሚቻለው በሩ ሲሰፋ ነው። ደግሞ በሩን ሌሎች ብቻ አልከፈቱትም። በ2012 ዓ.ም. የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ሁሉ በአገር አቀፉ ዲጂታል ማከማቻ ተቀምጦ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያዛል። የጤና ተማሪ ሂናሪ አለለት፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጀምረው እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት ውድ መጽሔቶችን እንዲከፍት ነው። ለግብርናው አጎራ አለ። የአፍሪካን መጽሔቶች በአንድ ቦታ የሚያሳይም አለ። ችግሩ ብዙ ተማሪ እነዚህ መኖራቸውን ሳይሰማ መመረቁ ነው።

ባለሙያው፦ ፖሊሲ ማዘዙና መሆኑ የተለያየ ነው። ይሁን፤ ሁሉም ተሟልቷል እንበል። በማን እጅ ነው ያለው? ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ በአገሪቱ በሙሉ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት ቆየ። ያ ሁሉ ማከማቻ የት ሄደ? መጽሐፉ ግን መደርደሪያው ላይ ነበር። ይህ የእኛ ጉድ ብቻ ነው እንዳትይኝ፤ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በሳይበር ጥቃት ወደቀ። ከመቅደላ ከተወሰዱት ብራናዎቻችን ብዙዎቹ ያሉት እዚያ ነው። በዲጂታል የተነሡትን በድረ ገጹ ማየት ተችሎ ነበር፤ ያን ቀን ተዘጋ፣ ለወራትም ተዘግቶ ቆየ። ብራናውን አጣነው፤ ምስሉንም በሌላ ሰው በር እናያለን፤ በሩ ሲሰበር ደግሞ እኛ ውጭ እንቀራለን። ልጅቱን በዚህ ላይ ደገፍ አድርገሽ ማቆም አያስፈራሽም?

መምህርቷ፦ ያስፈራኛል። ግን ወረቀት ብቻውን ምን እንደሚሆንም አውቃለሁ። ከዚህ መደርደሪያ ላይ አንድ መጽሐፍ ላውርድልዎት፤ መሃሉ በምላጭ ተቆርጧል። ፈተና ሲደርስ አንድ ተማሪ አራት ገጽ ይዞ ሄደ፤ ከእሱ በኋላ የመጣ ሁሉ ያንን ምዕራፍ አላነበበም። የዚያ መጽሐፍ ቅጂ ሌላ የት አለ? የብራናውን ነገር ካነሡ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ እዚህ አገር የተጀመረውን የማይክሮፊልም ሥራ ያስቡ። በየገዳሙና በየደብሩ የነበሩ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች ተነሡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ባለ የብራና ቤተ መጻሕፍት ሆነው ለአሥርት ዓመታት አንዱን ከአንዱ እየለዩ ዘረዘሯቸው። ሥራው ከተጀመረ ወዲህ አብዮት መጣ፣ ጦርነት መጣ። ዛሬ ብዙውን ፊልም ያ ቤተ መጻሕፍት ለማንም አንባቢ በነፃ በድረ ገጹ ያሳያል። ከሁለቱ ታሪክ የምማረው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር፣ ወረቀትም ሆነ ሰርቨር፣ ለመጥፋት ተዘጋጅቷል።

ባለሙያው፦ ይህ ጥሩ መልስ ነው። እንግዲህ የመጨረሻውንና ልቤ ውስጥ ያለውን ልንገርሽ። ከቅጂ ጋር አይገናኝም። መደርደሪያ ሰው ያልጠየቀውን ያሳየዋል። አንድ ልጅ ስለ ስልክ ታሪክ ልትፈልግ ትመጣለች፤ አጠገቡ ስለ ፖስታ የሚያወራ መጽሐፍ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ባቡር። በምኒልክ ዘመን ስልኩ በሽቦ ገባ፤ ባቡሩም ያኔ ተጀመረ። ልጅቱ ቆማ ስታገላብጥ፣ ሽቦ ምን ያህል አስቸጋሪ ነገር እንደነበር፣ ሽቦ የሌለው ስልክ ሲመጣ ሰው ለምን በመደነቅ «የንፋስ» እንዳለው ይገባታል። ስሙ ውስጥ ያለው መደነቅ ነው። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ደረሰችበት። ፍለጋ የጠየቅሽውን ብቻ ነው የሚያመጣልሽ። ጥያቄውን ራሱን የሚወልደው ግን መንከራተት ነው። ይህን ከልጆቻችን ላይ ወስደን ፍጥነት ብንሰጣቸው፣ መልስ የሞላቸው ጥያቄ ያጡ ልጆች እናፈራለን።

መምህርቷ፦ ይህን ስሰማ ዝም ማለት ነው የሚያሰኘኝ፤ እኔም በመንከራተት ነው ያደግኩት። ግን መንከራተት ጊዜ ይፈልጋል፣ ጋሼ። ጊዜ ያለው ማን ነው? የእኔ ተማሪ ከትምህርት ስትመለስ ውሃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ታበላለች፣ እናቷ ከሥራ እስክትገባ ቤት ትጠብቃለች። ይህ ቤት የሚዘጋው እሷ እጇን ስታደርቅ ነው። ሌላም ልጅ አለኝ፤ ዓይነ ስውር ነው። እነዚህ መደርደሪያዎች ለእሱ ግድግዳ ናቸው። በትክክል የተጻፈ ዲጂታል ጽሑፍ ሲያገኝ ግን ስልኩ ያነብለታል፤ እሱም እየመለሰ፣ እያስደገመ ይሰማል። መንከራተት ያምራል፤ ሲከለከሉት የኖሩትን ግን ይቁጠሩልኝ።

ባለሙያው፦ በዚህ ረታሽኝ። ስለ ልጁ አላሰብኩም ነበር።

መምህርቷ፦ መርታቱን አልፈልገውም። አንድ ነገር ልጨምር። ልጅቱ ወረቀቱ ውስጥ ያላስገባችው ነገር አላት። አያቷ ሳሪስ ነው ያደጉት። ንፋስ ስልክ በልጅነታቸው ምን ተብሎ ይጠራ እንደነበር፣ ሰው ቃሉን እንዴት ይለው እንደነበር ነግረዋታል። በስልኳ ሃያ ደቂቃ ቀድታቸዋለች። «ይህ ምንጭ አይባልም» ብላ ተወችው።

ባለሙያው፦ አያቷ ጣቢያው ሲሠራ ነበሩ?

መምህርቷ፦ አልተወለዱም።

ባለሙያው፦ እንግዲያው የሰሚ ሰሚ ናቸው።

መምህርቷ፦ ስለ ጣቢያው አዎ፤ የሰሚ ሰሚ ናቸው። ሕዝቡ ሰፈሩን ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር ግን በገዛ ጆሯቸው ሰምተዋል። ለዚህኛው ነገር ከእሳቸው የሚበልጥ ምስክር መጽሐፍም ድረ ገጽም የለውም።

ባለሙያው፦ … ልክ ነሽ። አንድ ሰው ለአንዱ ነገር ምስክር፣ ለሌላው የሰሚ ሰሚ ሊሆን ይችላል። ልጅቱ ይህን ለይታ ብትጽፈው ከዚህ ሁሉ ያማረ አማርኛ ይበልጥብኝ ነበር። ቅጂው የት ነው ያለው?

መምህርቷ፦ ስልኳ ላይ።

ባለሙያው፦ ስልኩ ታክሲ ውስጥ የቀረ ቀንስ? አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር ለመጥፋት ተዘጋጅቷል ያልሽኝ አሁን ነው።

መምህርቷ፦ ልስቀለው ብዬ አስቤ ነበር።

ባለሙያው፦ የት? ቴሌግራም ላይ? እዚያ ከዘፈንና ከማስታወቂያ ጋር ተቀላቅሎ ይወርዳል፤ በዓመቱ ማን እንደተናገረው፣ መቼ እንደተቀዳ የሚያውቅ አይኖርም። እዚህ አምጪልኝ። የተቀዳበትን ቀን፣ ቦታውን፣ የጠያቂዋንና የተጠያቂዋን ማንነት ጽፌ ቁጥር እሰጠዋለሁ። አያቷ ራሳቸው ሳይፈቅዱ ከዚህ ግቢ አይወጣም፤ ከፈቀዱ በአንቺ በይነ መረብም ይሂድ፣ ቅጂው እዚህ ይቀራል። ካርዱን በ«ን»ም በ«ነ»ም እጽፈዋለሁ። ከሁለት አንዱ ላይ «ተመልከት» ይላል።

መምህርቷ፦ ቅዳሜስ?

ባለሙያው፦ ቅዳሜን ውሰጂ፤ ግን በአንድ ስምምነት። ተማሪ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይግባ፤ ሁለት ምስክር ቆጥሮ ይውጣ። አንዱ ከመደርደሪያ፣ አንዱ ከስክሪን። ሁለቱ የተለያዩበትን ቦታ ሳይሸፍን ይጻፍ፤ ዘመኑን በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፈም ይግለጽ።

መምህርቷ፦ ስለ ጀሞ ልታጠና የምትመጣ ልጅ ብትኖርስ? ትናንት ሜዳ የነበረ ዛሬ ከተማ የሆነ ሰፈር ነው። እዚህ መደርደሪያ ላይ ስለ ጀሞ አንድ መጽሐፍ የለም። ስክሪኑ ላይ ያለው የቤት ማስታወቂያ ነው። ሁለት ምስክር አምጪ ብዬ እንዴት እመልሳታለሁ?

ባለሙያው፦ አትመልሻት። የፈለገችበትን ቦታ ሁሉ፣ የተጠቀመችበትን ቃል ሁሉ ዘርዝራ «አላገኘሁም» ብላ ትጻፍ። ይህ ዋጋ ያለው ወረቀት ነው፤ ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ከዚያ ይነሣል። ማሽኑ ይህን ቃል ማለት ይከብደዋል። ሰው ግን ሊለው ይችላል።

መምህርቷ፦ ሊለው ይችላል፣ ጋሼ። ግን እኔ በስምንት ዓመት የማስተማር ሥራዬ «አላገኘሁም» ብሎ ለጻፈ ተማሪ ማርክ ሰጥቼ አላውቅም። ልጅቱ ወደዚያ ማሽን የሄደችው፣ ባዶ ወረቀት ከእኔ እጅ ምን እንደሚያመጣባት ስለምታውቅ ይሆን?